አንድ ቋንቋ፣ አንድ ሃይማኖት፣ አንድ አመጽ

የአፍሪካ መንግሥታት ለምን አይጸኑም ተብሎ በተጠየቀ ቁጥር አንድ መልስ ቀድሞ ይመጣል። አውሮፓውያን ካርታ ላይ ባሰመሩት መስመር የማይተዋወቁ ጎሳዎችን ባንድ አጥር ከተቱ፤ ነጻነት ሲመጣ ባንዲራው ተቀየረ፣ አጥሩ ግን ቀረ፤ ጎሳዎቹም በሥልጣን ተፋጁ። መልሱ እውነት የሌለው አይደለም። ችግሩ ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ የሚደርስበት ድምዳሜ ነው። የሕዝብ ልዩነት ባለበት ሁከት አይቀርም፣ ሕዝቡ አንድ ዓይነት በሆነበት ደግሞ ሰላም ይሰፍናል ይባላል። ከዚህ ድምዳሜ ፖሊሲ ይወጣል፤ ፓርቲ ይመሠረትበታል፤ ሕገ መንግሥት ይጻፍበታል፤ ሰውም ከኖረበት ቀዬ ይፈናቀልበታል። ስለዚህ መፈተን አለበት። ለመፈተን የሚመቸው ቦታ ደግሞ ሰማንያ ቋንቋ የሚነገርበት አገር ሳይሆን ገዢውም ተገዢውም በአንድ ቋንቋ የሚነጋገሩበት፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሱበት አገር ነው። ምሥራቅ ጎጃም እንዲህ ያለ አገር ነው።

ከደጀን ተነሥቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ የሚያልፍበት ደጋና ወይና ደጋ ጤፍና ስንዴ የሚታፈስበት፣ ጥንታዊ አድባራት የሰፈሩበት ምድር ነው። ደብረ ወርቅ ማርያምና ዲማ ጊዮርጊስ ከየአገሩ የቅኔ ተማሪ የሚፈልስባቸው ደብሮች ነበሩ፤ ሀዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በሁለቱም ተምረዋል። ሕዝቡ በአብዛኛው አማርኛ ተናጋሪና ኦርቶዶክስ ነው። በ1960 ዓ.ም. በዙፋኑ ላይ የነበሩት ንጉሠ ነገሥትም፣ ጠቅላይ ግዛቱን የሚያስተዳድሩት እንደራሴም፣ ከእንደራሴው በታች ያለው ሹም ሁሉም የሚናገሩት ያንኑ ቋንቋ፣ የሚጾሙት ያንኑ ጾም ነበር። እንግዲህ የጎሳ ልዩነት የአለመረጋጋት ሥር ከሆነ ይህ አገር የዘውዱ ምሰሶ መሆን ነበረበት። ግን በዚያው ዓመት ሞጣና ብቸና፣ ቀጥሎም ዳሞትና የደብረ ማርቆስ ዙሪያ ጠመንጃ አነሡ። መንግሥት አመጹን ለማብረድ ፖሊስና ነጭ ለባሽ አልበቃው ብሎ ጦር አዘመተ፤ የጦር አውሮፕላንም መንደር ደበደበ።

የአመጹ መነሻ አዋጅ ነበር። ኅዳር 1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 የቆየውን አሥራት አስቀርቶ ገበሬው ከሚያገኘው ምርት ላይ ግብር እንዲከፍል ደነገገ። አንዳንድ አጥኚዎች እንደሚሉት ሕጉ በወረቀት ሲታይ ለአነስተኛው ገበሬ ከአሥራቱ የከበደ አልነበረም። ያስፈራው የብሩ መጠን አልነበረም፤ ብሩ የሚቆረጥበት መንገድ ነው። ግብሩ እንዲታወቅ ምርቱ መገመት አለበት፤ ምርቱ እንዲገመት ገማች ወደ ማሳው መምጣት አለበት፤ ገማቹ መሬቱን ማየት፣ ስፋቱን መጠየቅ፣ የማን እንደሆነ መመዝገብ አለበት። የጎጃም ገበሬ ዓይን ያረፈው እዚህ ላይ ነበር። ጎጃም ርስተኛ ነው። በርስት ሥርዓት አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ወደ አቅኚው አባት እየቆጠረ ድርሻውን ይጠይቃል። የአንዱ ድርሻ ዛሬ ይሰፋል፣ ነገ በሙግት ይጠባል፤ ወንድም ከወንድሙ፣ የእኅት ልጅ ከአጎቱ ጋር ይካሰሳል፤ ዳኛው ዘር ያስቆጥራል፣ ሽማግሌ ያስመሰክራል። ይህ ሁሉ የሚሄደው መሬቱ በጋሻ ተሰፍሮ በአንድ ሰው ስም ስላልተጻፈ ነው። ቀላድ የሚባለው የመለኪያ ገመድ የተጣለበት አገር ምን እንደሆነ ደግሞ ጎጃሜው ያውቃል። በደቡብ ቀላድ ተጥሎ የተለካው መሬት ከፊሉ ለመንግሥት፣ ከፊሉ ለሹም ሆኖ ባለአገሩ ጭሰኛ ሆነ። ስለዚህ ገማቹ ደብተር ይዞ ሲመጣ ገበሬው ከበስተጀርባው የቀላዱን ገመድ አየ።

ፍርሃቱ ባዶ ጥርጣሬም አልነበረም። ከጣልያን መባረር በኋላ መንግሥት መሬት ለመለካትና ግብሩን ለማሻሻል በሞከረ ጊዜ ሁሉ ጎጃም እምቢ ብሏል፤ በ1930ዎቹ አጋማሽም በ1943 ዓ.ም. ገደማም እንዲሁ ሆኗል። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በጋሻ ሲቀርጥ ጎጃምን፣ ትግራይንና በጌምድርን ከዚህ ስፍር ውጪ አድርጎ ከጣልያን ወረራ በፊት ይከፍሉት በነበረው ልክ እንዲገብሩ የተወው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ በዘውዱና በገበሬው መካከል ያልተፈረመ ውል ነበር። ገበሬው ይገብራል፣ ይዘምታል፣ ንጉሡን ያከብራል፤ መንግሥት በበኩሉ ርስቱን አይለካም። የ1960ው አዋጅ ያፈረሰው ይህን ውል ነው።

በዚህ ላይ የእንደራሴው ጉዳይ ተደረበበት። ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ጎጃምን ያስተዳደሩ የሸዋ ሰው ናቸው። ሕዝቡ በጉቦ፣ በመሣሪያ ማስመዝገቢያ ክፍያ፣ በየሰበቡ በሚሰበሰብ መዋጮና የአገሩን ተወላጅ ከሹመት በማግለል ይከሳቸው ነበር። አቤቱታ ይዘው አዲስ አበባ የተመላለሱ ሽማግሌዎች መፍትሔ ሳያገኙ ተመለሱ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት ሹሙ ሁሉ የሚኖርበት አገር ስለነበር፣ ገበሬው አዲሱን ግብር ከሹሞቹ አመል ለይቶ ሊያየው አልቻለም። ሆኖም አመጸኞቹ የጠየቁትን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ፀሐዩ ይነሡልን፣ መሬታችን አይለካ፣ አዲሱ ግብር ይቅርልን አሉ። ዙፋኑ ይገልበጥ አላሉም፤ ጎጃም ይገንጠል አላሉም፤ ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ መሆናቸውንም ደጋግመው ተናገሩ። መንግሥትም በቦምብ ያላገኘውን በመጨረሻ በመመለስ አገኘው። እንደራሴው ከጎጃም ተነሡ፤ የተጠራቀመው ውዝፍ ግብር ተማረ፤ አዋጁም በጎጃም ላይ በተግባር ሳይውል ቀረ።

እዚህ ላይ የአንድ ልቦለድ ነገር ሳይጠቀስ ቢታለፍ ያሳዝናል። ሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም.፣ ከአመጹ ሁለት ዓመት ቀድመው ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ ያለፈ መታያ በመጠየቃቸው ባላገሮቹ በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ሲሏቸው የሚታየው ጠብ የሁለት ጎሳዎች ጠብ አይደለም። ጌታውም ባላገሩም የአንድ አገር ሰዎች ናቸው። ደራሲው ያደጉበትን ማኅበረሰብ ስለሚያውቁ የአመጹን ዘር በትክክለኛው ቦታ አስቀመጡት፤ ልማዱ ሲጣስ፣ ተበዳዩም አቤት የሚልበት ዳኛ ሲያጣ ባላገር ይነሣል።

የታሪክ ተመራማሪው ገብሩ ታረቀ በሃያኛው ምዕተ ዓመት የኢትዮጵያ ገበሬ አመጾች ላይ በጻፉት መጽሐፍ ሦስት አመጾችን ጎን ለጎን አስቀምጠዋል፤ የ1935ቱን የትግራይ ወያኔ፣ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የዘለቀውን የባሌን አመጽና የ1960ውን የጎጃም አመጽ። ሦስቱን አብሮ ማየቱ ብዙ ያስተምራል። በባሌ በዋቆ ጉቱና በሌሎች የተመሩት አመጸኞች ኦሮሞና ሶማሌ፣ በአብዛኛው ሙስሊሞች፣ ገዢዎቻቸው ደግሞ በቋንቋም በእምነትም የተለዩ ነበሩ። በትግራይ ቋንቋው ይለያል፣ ሃይማኖቱ አንድ ነው። በጎጃም ሁለቱም አንድ ናቸው። የሦስቱን ቅሬታ ግን ብንዘረዝር እርስ በርሱ ይመሳሰላል፤ ግብር፣ መሬት፣ የሹም ዝርፊያ፣ የአገሬው ሰው ከሹመት መገለል፣ አቤቱታ የሚሰማ መጥፋት። መንግሥት ለሦስቱም የሰጠው መልስ እንኳ ተመሳሳይ ነው፤ በሦስቱም ላይ ከአየር ቦምብ ዘንቧል፣ በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ መቀሌን የደበደቡትም የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ነበሩ። እንግዲህ የጎሳው ልዩነት ከአመጽ ወደ አመጽ እየተለዋወጠ ቅሬታው ሳይለወጥ ከቀረ፣ የአመጹን ምክንያት ከማይለወጠው ነገር መፈለግ አይሻልም?

ከኢትዮጵያ ወጣ ብለን ብናይም ማስረጃው ወደዚያው ያመለክታል። በአፍሪካ ቀንድ እንደ ሶማሊያ በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ ሃይማኖትና በአንድ ባህል የተሳሰረ ሕዝብ ያለው አገር የለም፤ የሶማሊያ መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. በጥር 1991 ፈርሶ ለዓመታት ማዕከላዊ መንግሥት ሳይቆምለት ቆየ። በሩዋንዳ ሁቱውም ቱትሲውም ኪንያርዋንዳ ይናገራሉ፤ በአንድ ኮረብታ ላይ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ፤ የቤልጅግ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እያንዳንዱ ሰው ጎሳው የተጻፈበት መታወቂያ እንዲይዝ አደረገ፤ ያ መታወቂያ በ1994ቱ እልቂት በየኬላው የሞትና የሕይወት ወረቀት ሆነ። ከ120 በላይ ቋንቋዎች የሚነገሩባት ታንዛንያ ደግሞ ከነጻነት ወዲህ የጎሳ ጦርነት አላየችም። በዓለም ዙሪያ የተካሄዱ የእርስ በርስ ጦርነቶችን ያጠኑት ጄምስ ፊሮንና ዴቪድ ሌይቲን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት የአገሪቱ ድህነትና የመንግሥቱ አቅም ከግምት ከገባ በኋላ የጎሳ ብዛት በራሱ ጦርነትን እንደማያስከትል አሳዩ። ከዚያ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ይህን አረሙት፤ ጦርነትን የሚያመጣው የጎሳዎች መብዛት ሳይሆን አንድ ጎሳ ከመንግሥት ሥልጣን መገለሉ ነው አሉ። እርማቱን እቀበለዋለሁ፤ የጎጃሙን ነገርም ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ባላገር ራሱን ያየው ከሥልጣን እንደተገለለ ሰው ነበር፤ የተገለለበት ስም ግን ጎጃሜነቱ እንጂ አማራነቱ አልነበረም።

ይህ ስም ከየት ይመጣል? ዳንኤል ፖስነር የተባለ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተመው ጥናት ለዚህ ጥያቄ ካየኋቸው መልሶች ሁሉ የላቀውን ይሰጣል። ቼዋና ቱምቡካ የሚባሉ ሁለት ሕዝቦች በማላዊና በዛምቢያ ድንበር በሁለቱም በኩል ይኖራሉ። ድንበሩን ያሰመሩት እንግሊዞች የሕዝቡን አሰፋፈር ሳያዩ ነው፤ በወዲህና በወዲያ ያሉት መንደሮች በቋንቋም በባህልም አይለያዩም። ሆኖም በማላዊ በኩል ያለው ቱምቡካ ለቼዋ እጩ ድምፅ አልሰጥም፣ ከቼዋም አልጋባም ሲል፣ በዛምቢያ በኩል ያለው ቱምቡካ ቼዋን እንደ ወንድሙ ያየዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። በማላዊ ሁለቱም ለሥልጣን ውድድር የሚበቃ ቁጥር አላቸው፤ ፖለቲከኛው በጎሳ ስም ሕዝብ ማሰለፍ ያዋጣዋል። በሰፊዋ ዛምቢያ ግን ሁለቱም አናሳዎች ናቸው፤ ከሌላው ጋር ሲወዳደሩ የምሥራቅ ሰዎች ሆነው ባንድ መቆም ይጠቅማቸዋል። ባህሉ ያው፣ ታሪኩ ያው፤ የተለወጠው መንግሥት የቆመበት ሜዳ ብቻ ነው። ሰዎች ወደ መንግሥት የሚገቡበት በር በአውራጃ ከተሠራ በአውራጃ ይቧደናሉ፤ በጎሳ ከተሠራ በጎሳ ይቧደናሉ። በ1960 ዓ.ም. በሩ ጠቅላይ ግዛት ስለነበር የብቸና ገበሬ ጎጃሜ ሆኖ ተነሣ።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ ኢትዮጵያ ቅኝ ያልተገዛች አገር ስለሆነች ስለ ድኅረ ቅኝ ግዛት አፍሪካ ልታስረዳ አትችልም የሚለው ነው። አዎን፣ ከአምስቱ ዓመት ወረራ በቀር አልተገዛችም። ግን ለጥያቄያችን ጠቃሚ የሚያደርጋትም ይኸው ነው፤ የቅኝ ገዢው መስመር በሌለበት ተመሳሳይ በሽታ ከታየ መንስኤውን በመስመሩ ላይ ብቻ መጣል አይቻልም። በዚያ ላይ አምስቱ ዓመት ራሱ የሚናገረው ነገር አለው። ጣልያን ምሥራቅ አፍሪካን በጎሳ ሸንሽኖ ሲያደራጅ ጎጃምን በጎንደር ዋና ከተማነት ከቆመው የአማራ ግዛት ውስጥ ከተተው። ጎጃም በሸዋ ላይ ያለውን ቅሬታ ለመጠቀምም ከ1924 ዓ.ም. ጀምሮ ከሥልጣን ወርደው የነበሩትን ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን መልሶ አመጣ። ስሌቱ ብልጥ ይመስል ነበር፤ ገበሬው ግን በበላይ ዘለቀና በነጋሽ በዛብህ፣ በመንገሻ ጀምበሬና በኃይሉ በለው ጀርባ ቆሞ ተዋጋ። ሸዋን ያልወደደ ሁሉ ለጣልያን አላደረም። ቅሬታ መኖሩና ቅሬታው በፈለጉት ስም ሊሰለፍ መቻሉ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። የጎጃሙ አመጽ በወራት በረደ፤ የባሌው ሰባት ዓመት ዘለቀ፤ የኤርትራው 30 ዓመት ተዋግቶ አገር ሆነ። የቋንቋና የእምነት አንድነት አመጹን ባይከለክለውም አሳጥሮታል ማለት አይደለም ወይ? ከፊል እውነት አለው፣ ልሸፍነው አልፈልግም። ገበሬውና ንጉሡ በአንድ ሃይማኖት ስለሚያምኑ ይቅርታ የሚጠየቅበት ቋንቋ ነበራቸው፤ ሽማግሌና ካህን መሃል ገብቶ ማስታረቅ ይችል ነበር፤ አመጸኛው ጠብ ከሹሙ እንጂ ከንጉሡ ጋር የለኝም ብሎ በክብር መመለሻ ነበረው። በባሌ ይህ መንገድ ጠባብ ነበር። ስለዚህ የማንነት ልዩነት የግጭቱን ዕድሜና የጭካኔውን መጠን እንደሚለውጥ እቀበላለሁ። ግን የጎጃም አመጽ በዋናነት የበረደው መንግሥት ወደ ኋላ ስለተመለሰ ነው። በኤርትራ ግን መንግሥት በ1955 ዓ.ም. ያፈረሰውን ፌዴሬሽን መልሶ አላቆመም። የእርቁ እጅ በጊዜው ቢዘረጋ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለው ክፍት ጥያቄ ነው፤ እጁ አለመዘርጋቱ ግን የጎሳ ውጤት አይደለም፣ ውሳኔ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከአገሩ ከራሱ ይመጣል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ መስጊዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተዘረፉ፣ ወደሙም። ትውልድ የቆጠረ ጉርብትና በአንድ ቀን ተረገጠ። ልዩነት አደጋ የለውም የሚል ሰው ይህን ምን ይለዋል? እኔ ልዩነት አደጋ የለውም አላልኩም። የሞጣው ጥፋት የሚያሳየው ግን አንድ ዓይነት ሕዝብ የሚባል ነገር እንደሌለ ነው። አንድ ቋንቋ የሚናገር፣ በአንድ ገበያ የሚገበያይ ከተማ ውስጥ እንኳ ጥላቻ የሚፈልግ ሰው መለያ አያጣም፤ ሃይማኖት ባይኖር የትውልድ መንደር፣ እሱ ባይኖር ሙያ ይገኛል፤ ሸማኔውና ቀጥቃጩ በዚህ አገር ለዘመናት የተናቁት የሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች ሆነው አይደለም። ልዩነትን ከምድር አጥፍቶ ሰላም ለማግኘት የሚሞክር ሁሉ ሥራው የማያልቅ ይሆናል። የሞጣ ሙስሊም የሚያስፈልገው ጥቃት ከመድረሱ በፊት የሚደርስ ፖሊስና ከደረሰ በኋላ የሚፈርድ ዳኛ ነው፤ ይህ ደግሞ የመንግሥት ሥራ ነው።

ወደ መንግሥት የሚያስገባው በር ከጠቅላይ ግዛት ወደ ብሔር ሲለወጥ የሆነውን ለማየት የድሮውን የጎጃም ካርታ ማንሣት ይበቃል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ጎጃም የሚባለው ግዛት ቀረ። ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም በአማራ ክልል ዞኖች ሆኑ፤ አዊ የራሱ የብሔረሰብ ዞን ተሰጠው፤ መተከል ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሄደ። የዚያ ክልል ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤቶች ብሎ ሲጽፍ፣ ለረጅም ዘመን እዚያው የኖረውና በደርግ ሠፈራ የገባው አማራ፣ አገውና ኦሮሞ ባለቤት ያልሆነ ነዋሪ ሆኖ ቀረ። ጉሙዙ በበኩሉ ለዘመናት በደጋው ሰው ሲዘረፍና ሲሸጥ የኖረ ሕዝብ ነው፤ የባለቤትነት ዋስትና መፈለጉ አያስገርምም፣ ፍትሐዊም ነው። ነገር ግን ዋስትናው ለሰው ሳይሆን ለብሔር ሲሰጥ የአንዱ ዋስትና የሌላው ስጋት ሆነ። ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በበኩጂ በአንድ ቀን ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ዘግቧል። የብቸናው ገበሬ በ1960 ጎጃሜ ሆኖ አኮረፈ፤ የልጅ ልጁ ዛሬ አማራ ሆኖ ያኮርፋል። በአንድ ዕድሜ ውስጥ መለያው ሲቀየር ደሙ አልተቀየረም።

አለቃው ከራስ ወገን ቢሆንስ ይሻላል? ይህን ጥያቄ የአማራ ክልል ራሱ በ1989 ዓ.ም. መልሶታል። በዚያ ዓመት የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ ያካሄደው የክልሉ ገዢ ፓርቲ ብአዴን፣ ያስፈጸሙት ካድሬዎች የክልሉ ተወላጆች ነበሩ። ሆኖም በደርግ ዘመን የቀበሌ ወይም የማኅበር ኃላፊነት የነበረውን «ቢሮክራሲ»፣ የቀድሞ ባላባት ወገን የተባለውን ደግሞ የፊውዳል ቅሪት እያሉ ለይተው ይዞታው ከ1 ሄክታር እንዳይበልጥ ቆረጡበት። የመሬት እጦት ያስጨነቃቸው ወጣቶች አገኙ፤ ሌላው ግን በፖለቲካ ስም ርስቱን ተነጠቀ፤ ከክልሉ የተነሡ ገበሬዎችም አዲስ አበባ ድረስ አቤት ሊሉ መጡ። የወገን ሹም የወገኑን መሬት ሲነጥቅ ቋንቋው የሚያጽናና አልሆነም። በ2015 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻ መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎችን ለማፍረስ ወሰነ፤ በዚያው የእርሻ ወቅት የማዳበሪያ እጥረት ገበሬውን አደባባይ አወጣው፤ ሐምሌ 28 ቀን በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በፌዴራል ጦርና ፋኖ በሚባሉት የአማራ ታጣቂዎች መካከል የተከፈተው ጦርነትም እነዚሁኑ የምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች የውጊያ ሜዳ አደረጋቸው። ጦርነቱ በብሔር ስም እንደሚካሄድ የታወቀ ነው። የስሙን ክብደት አላቃልልም፤ ከአማራ ክልል ውጪ በማንነታቸው የተገደሉ ሰዎች ሐዘን በዚህ ስም ውስጥ አለ። ነገር ግን ስሙን ብቻ ሰምቶ መሣሪያ፣ ማዳበሪያ፣ ሹመትና ዳኝነት የሚሉትን ቃላት ያልሰማ ሰው ጦርነቱን አልተረዳውም።

የተለያየ ሕዝብ ይዞ ጸንቶ ለመቆም የሚረዳ የመንግሥት አሠራር መኖሩን የሌሎች አገሮች ታሪክ ያሳያል። ናይጄርያ በሦስት ግዙፍ ክልሎች፣ እያንዳንዱም በአንድ ትልቅ ጎሳ ተይዞ፣ ነጻነቷን ጀመረች፤ ሰባት ዓመት ሳይሞላ የቢያፍራ ጦርነት ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ክልሎቹ ተሰነጣጥቀው ዛሬ 36 ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1979ኙ ሕገ መንግሥት ጀምሮም ፕሬዚዳንት ለመሆን ከክልሎቹ ሁለት ሦስተኛ በሚሆኑት ውስጥ ቢያንስ ሩብ ድምፅ ማግኘት ግድ ሆነ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007ቱ ምርጫ ማግሥት ከ1,100 በላይ ሰው ከሞተባት በኋላ በ2010ሩ ሕገ መንግሥቷ ተመሳሳይ ግዴታ አስገባች፤ ሥልጣንም ለ47 አውራጃዎች አከፋፈለች። ሁለቱም አገሮች ከችግር አልወጡም፤ በናይጄርያ ሰሜን ዛሬም ደም ይፈሳል። ሆኖም ሕጉ የሥልጣን ፈላጊውን ስሌት ቀየረ። የራሱን ወገን ብቻ አስቆጥቶ ማሸነፍ የማይችል እጩ የሌላውን ደጅ መጥናት ይገደዳል። በኢትዮጵያ ለአንድ ብሔር ብቻ ተናግሮ ሥልጣን ላይ መውጣት እስካዋጣ ድረስ ፖለቲከኛውን በመምከር የሚገኝ ነገር ያለ አይመስለኝም።

ለተስፋ የሚሆነው ማስረጃ ግን ከናይጄርያ መምጣት የለበትም። የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. ጠመንጃ ያነሣበት የመሬት ልኬት በ1990ዎቹ አጋማሽ ጎጃም ውስጥ ተካሂዷል። የአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ለመስጠት ሲነሣ ሙከራውን ከጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ የምሥራቅ ጎጃሙ ጎዛምን ነበር። የቀበሌው ነዋሪ የራሱን የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ መረጠ፤ ኮሚቴው በየማሳው እየዞረ በገመድ ለካ፤ ወሰንተኞች ቆመው የኔ እስከዚህ፣ የሱ እስከዚያ አሉ፤ በደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም ተጻፈ። መጠራጠር አልጠፋም፤ ከግብር ጋር የሚያያዝ ነገር አለው ብሎ የፈራ፣ ይዞታውን አሳንሶ የተናገረ ገበሬ ነበረ። ሙግትም ተነሣ። ግን ማንም ጫካ አልገባም። መሬቱ ያው የአያቶቻቸው መሬት ነው፣ ገመዱም ከቀላድ ብዙ አይለይም። በ1960 ገማቹን የላከው ከሩቅ የመጣ እንደራሴ ነበር፤ ገማቹም ይዞ እንጂ ትቶ የሚሄድ አልነበረም። በ1990ዎቹ የሚለካው ገበሬው ራሱ የመረጠው ጎረቤቱ ሆነ፤ ለኪውም ሲሄድ ገበሬው እጅ ላይ ፍርድ ቤት ይዞት የሚቆም ደብተር ቀረ።